«ለኩባንያው እሺ ብያለሁ፤ ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም»

ጠያቂያችን የ36 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ። መጀመሪያ አሜሪካ የገባው ብቻውን ነው። ባለቤቱንና ልጁን ለማምጣት 3 ዓመት ተኩል ፈጀበት፤ ከመጡ 14 ወራቸው ነው። ልጅቷ 5 ዓመቷ ነው። ኡበር ሲነዳ ቆይቶ፣ የመንጃ ትምህርት ቤቱን ክፍያ ከዘመድ ተበድሮ በቅርቡ ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጥቷል። ሁለት ሥራ ቀርቦለታል። አንዱ ለየሱቁ መጠጥ የሚያከፋፍል ሎካል፣ ማለትም እዚያው አካባቢ ነድቶ በየቀኑ ቤት የሚያስገባ፣ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀመራል። ሌላው 3 ሳምንት መንገድ ላይ፣ 3 ቀን ቤት የሚያውል ኦቲአር፣ ማለትም የረጅም መንገድ ጭነት፣ ነው። «ባለቤቴ ሎካሉን ያዝ ትላለች። እኔ ዕዳው ስለሚያስጨንቀኝ ለረጅሙ መንገድ እሺ ብያለሁ፤ ገና አልነገርኳትም። ኦሬንቴሽኑ (የኩባንያው የመግቢያ ገለጻ) 12 ቀን ቀርቶታል። የቱ ይሻለኛል?» ይላል።

ወንድሜ፣ «እህቴ» ብለህ ስለጻፍክልኝ እኔም አንተ እያልኩ ልመልስልህ። ስለ ማይሉ፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ ትራኩ ሞዴል ሳይቀር ዘርዝረህ ጽፈሃል። ሁለት ነገሮችን ግን በአንድ በአንድ መስመር አልፈሃቸዋል። እኔን የያዙኝ እነሱ ናቸው።

አንደኛው «ባለቤቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች» ያልከው ነው። ታዲያ አንተ ኦሃዮና ቴክሳስ ስትመላለስ ልጅቷ ከማን ጋር ታድራለች? ሎካሉን ብትይዝም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስትወጣ እናቷ ገና አልገባችም። የእሷ ፈረቃ ካልተቀየረ ሁለቱም ሥራ አይሆንም ማለት ነው። ፈረቃዋን ወደ ቀን ካዞረች ደግሞ የሌሊት ጭማሪዋ ካለ ይቀራል፤ አንተ መንገድ ላይ ከሆንክ ከትምህርት ቤት በኋላ ልጅ የሚይዝ ሰው መክፈል ይመጣል። ይህን ከኦቲአሩ ደመወዝ ቀንሰህ አስበኸዋል? ስለ አንተ ሥራ ጠየቅኸኝ እንጂ ጥያቄው የሁለታችሁ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ይህ ነው፦ «ኤርፖርት ስቀበላቸው ልጄ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ ‹አባባ ስልኩ ውስጥ ነው› አለች፤ እስካሁን እንስቅበታለን።» ባለቤትህም አብራህ ትስቅ ይሆናል። ግን ያንን ስልክ 3 ዓመት ተኩል ለልጅቷ ስትይዝላት የኖረች እሷ ናት። ለአንተ ያ ጊዜ ቢያደክምም የሚቆጠር ነገር ነበረው፤ ሠርተህ ትልክ ነበር። እሷ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። መቼ እንደሚያልቅ ቁርጡን የሚነግራት ሰው አልነበረም። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ፣ ሰውን የሚያደክመው «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መቁረጥ አለመቻል መሆኑን አሳይታለች። ባለቤትህ «ሎካሉን ያዝ» ስትል ገንዘብ ንቃ አይመስለኝም። ያንን ስልክ እንደገና መያዝ ፈርታ ነው።

አማትህ ከአገር ቤት ደውለው «የሹፌር ሚስት ሆንሽ እንዴ?» በማለታቸው ተቆጥተሃል። አትፍረድባቸው። የአሰብን መንገድ፣ በኋላም የጅቡቲን ያዩ እናቶች ስለ ሹፌር የሚያውቁት አዋሽና ሚሌ ላይ የሚያድረውን ነው፤ ኤች አይ ቪ በገባበት ዘመን ደግሞ የሹፌሮች ስም አብሮ ይነሣ ነበር። ስለ አንተ ትክክል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ንግግራቸው ግን ልጃቸው ጆሮ ውስጥ ገብቷል። ባለቤትህ በቀጥታ አትጠይቅህም። አንተው ቀድመህ አንሣላት።

አሁን ወደ መንገዱ። ለኦቲአር የሚቀርበው ክርክር እውነት አለው፤ ብዙ ኩባንያዎች በኢንሹራንስ ምክንያት የ1 ወይም የ2 ዓመት ልምድ ስለሚጠይቁ አብዛኛው ጀማሪ በዚያ በር ይገባል። ግን ቀኑን ተመልከተው። ሕጉ የሚፈቅድልህ 11 ሰዓት መንዳት ነው፤ እሱም ሥራ ከጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ዕረፍት። ልጅህ ከትምህርት ቤት ስትገባ አንተ መሪ ላይ ነህ፤ አንተ ትራክ ስቶፕ ስትቆም እሷ ተኝታለች። ክፍያው በማይል ስለሆነ መጋዘን በር ላይ ተሰልፈህ የምታጠፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ የረባ ነገር አያመጣልህም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደግሞ ከአሠልጣኝህ ጋር በአንድ ትራክ ነው የምታሳልፈው። የማታውቀው ሰው ከጎንህ ተቀምጦ ከሚስትህ ጋር የልብህን አታወራም።

ሎካሉም ገነት አይደለም። ካርቶን ታወርዳለህ፤ በጠባብ መተላለፊያ ተሳቢውን ወደ ኋላ ስታስገባ ላብህ ይንቆረቆራል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሶፋው ላይ ትተኛለህ። ቤት እያለ የሌለ አባት እዚህም አለ። ይሁንና ባለቤትህ ወደ ቀን ፈረቃ ከዞረች፣ ልጅቷን ከኪንደርጋርተን የምታወጣት አንተ ልትሆን ትችላለህ። ለሰው ምረጥ ማለት አልወድም፤ አስተያየቴን ከጠየቅከኝ ግን ለዚህ ዓመት ሎካሉን ይዤ ዕዳውን በዝግታ እከፍል ነበር። ለጀማሪ ሎካል መገኘቱ ራሱ ዕድል ነው። ካልሆነም ቅዳሜና እሑድ ቤት የሚያስገባ ሪጅናል ሥራ መኖሩን ጠይቅ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ስሙም አልተነሣም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እሺ ማለትህን ንገራት። «እስቲ አብረን እናስብበት» ብለህ እንደ አዲስ ነገር አታምጣው፤ በኋላ ስትደርስበት ከመሄድህ ይልቅ ይሄ ነው የሚያቆስላት። «ዕዳው አስፈርቶኝ ሳላማክርሽ እሺ ብያለሁ፤ ማፍረስ እችላለሁ» በላት፤ ከዚያ ዝም ብለህ ስማት። ታለቅስ ወይም ትቆጣ ይሆናል፤ ቶሎ ብለህ ወደ ደመወዙ ስሌት አትሩጥ።

ዕረፍቷ በሆነ ቀን፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ አንድ ወረቀት ላይ የ2 ሳምንት ሰዓት አስምሩ። እሷ የምትሠራበትን፣ አንተ የምትወጣበትን፣ ልጅቷ የምትነቃበትን አስገቡበት። ለኦቲአሩ ሌሊቱን በሙሉ፣ ለሎካሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እናቷ እስክትገባ ባለው ባዶ ቦታ የማን ስም እንደሚጻፍ ሳታውቁ ለየትኛውም ኩባንያ አትደውል።