ባሕሩ የት ሄደ? የዛንዚባር ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሰርጋችን ሚያዝያ ላይ ነው፤ በሳምንቱ ለጫጉላ ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ልንሄድ አስበናል። ጓደኛዬ «እስከ ዳሬሰላም በአውሮፕላን፣ ከዚያ በጀልባ ተሻገሩ» ትለኛለች። እጮኛዬ ደግሞ በቀጥታ እንብረር ባይ ነው። ማን ነው ልክ? ለመዋኘትስ የትኛው ዳርቻ ይሻላል? (ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! እጮኛሽ ልክ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ዛንዚባር ይበራል፤ መሃል ላይ የማያርፍ በረራ ካገኛችሁ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ኤርፖርቱ ደግሞ ከስቶን ታውን፣ ከደሴቱ አሮጌ ከተማ፣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ከዳሬሰላም የሚነሳው ፈጣኑ ጀልባ 2 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ግን በዚያ ላይ ከኤርፖርት እስከ ወደቡ ያለውን የመኪና መጨናነቅ፣ የትኬት ሰልፉን፣ ሻንጣ መጎተቱን ደምሪበት። ዳሬሰላምን ራሷን ማየት ካልፈለጋችሁ ምን አደከማችሁ?

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ሚያዝያ። የደሴቱ ሰዎች «ማሲካ» የሚሉት ትልቁ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሆቴል ይረክሳል፣ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ግን ጭራሽ ይዘጋል። ሰርጉን አንቀሳቅሱ አልልም፣ የእናትሽ ጠላ ተጠንስሶ ይሆናል። ጫጉላውን ግን ወደ ሰኔ መጨረሻ ግፉት። እዚህ ክረምት ሲገባ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው።

ዳርቻውን በተመለከተ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በምሥራቅ በኩል ጃምቢያኒ ነበር የያዝኩት። ማታ ስደርስ ውሃው የሆቴሉ ደረጃ ስር ይንሿሿል፣ ደስ አለኝ። ጠዋት ዋና ልብሴን ለብሼ ስወጣ ባሕር የለም! እስከ ሩቅ አሸዋ ብቻ፣ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር እርሻቸውን ይሰበስባሉ። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ነኝና የሆነ ነገር የተበላሸ መስሎኝ ሄጄ እንግዳ ተቀባዩን ጠየቅሁት። እስኪበቃው ሳቀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ወለሉ ዝርግ ስለሆነ ሲሸሽ በጣም ይርቃል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ይብሳል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል፣ ስለዚህ ትናንት የዋኘሁበት ሰዓት ብለሽ ዛሬ ብትሄጂ ላይሠራ ይችላል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ብዙም አይነካቸውም። ለመዋኘት ከሆነ እዚያ ያዙ። ምሥራቁን አልጠላውም፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ፓጄ ደግሞ በነፋስ ሸራ ውሃ ላይ ለሚንሸራተቱ ገነት ነው። ውሃው ሲሸሽ ስትንሸራሸሩ ጫማ አድርጉ፣ እሾሃም የባሕር ፍጥረቶች አሉ፣ እሾሃቸው እግር ውስጥ ሲገባ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው፤ ፓስፖርቴ የአሜሪካ፣ የእናቴ የኢትዮጵያ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ቆይተን አብረን እንሄዳለን። ምን ምን ወረቀት እንያዝ? (ቤቲ)

መልስ፦ ለአንቺ ቪዛው 100 ዶላር ነው፤ ለአሜሪካውያን የሚሰጡት ደጋግሞ የሚያስገባውን ነው። ለእናትሽ ግን ኤርፖርት ደርሰን እናወጣለን ማለት አያዋጣም፤ በኦንላይን ቀድማችሁ፣ ቢያንስ ከወር በፊት አመልክቱ። ሁለታችሁም ከኢትዮጵያ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፤ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስገዛለች፣ ለአዋቂ 44 ዶላር፤ ከአሜሪካ ያመጣሽው ኢንሹራንስ አይተካውም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ታንዛኒያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። እማማ በርበሬውን በፌስታል ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ እንዳይሸጉጡ።

ጥያቄ፦ ደሴቱ ላይ ታክሲ ኪስ ያራቁታል ይባላል። ሞተር ሳይክል ብከራይስ? (ሔኖክ)

መልስ፦ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስብበት። የራስህ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ የአካባቢውን ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት አለብህ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ደጋግሞ ያስቆማል። ታክሲ ከያዝክ ሳትገባ ዋጋ ተነጋገር። ርካሹ ዳላዳላ ነው፣ የእኛ ሚኒባስ ወንድም በለው፦ ይጠቀጠቃል፣ ይዘፈንበታል፣ በየመንገዱ ይቆማል። 116 ቁጥር ኑንግዊ ያደርስሃል። ሻንጣህ ትልቅ ከሆነ ግን እርሳው።

ደስ የሚልህን ነገር ልንገርህ፣ ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደኛው ነው። ሹፌሩ «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ካለህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ፈረንጆቹ 8 የሚሉት። አጠገብህ ያለው ቱሪስት ግራ ሲጋባ አንተ ትገባለህ። የጀልባና የአውሮፕላን ትኬት ላይ ያለው ግን የፈረንጆቹ ሰዓት ነው፤ እዚያ ላይ እንዳትሸወድ።