መልስ፦ ብራውዘርን ከፍላሽ ላይ ስለ መጠቀም

ክሮምን በፍላሽ ይዘው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄዱ ያስቀመጧቸው የይለፍ ቃሎች ለምን እንደሚጠፉብዎ ጠይቀዋል። ጥፋቱ የፍላሹ አይደለም። ክሮም በዊንዶውስ ላይ የይለፍ ቃሎችን የሚቆልፈው በዚያው ኮምፒውተር ካለው የተጠቃሚ አካውንት ጋር በተያያዘ ቁልፍ ስለሆነ፣ ፋይሉ አብሮዎት ቢጓዝም ሌላ ማሽን ላይ ሊከፈት አይችልም። ፋየርፎክስ በአንጻሩ ቁልፉን የሚያስቀምጠው በራሱ የፕሮፋይል ፎልደር (ሴቲንግዎና የይለፍ ቃሎችዎ በሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ በመሆኑ፣ ከፍላሽ ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀው የፋየርፎክስ ቅጂ ለእርስዎ የተሻለ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ፍላሹ እጁ የገባ ሰው ቁልፉንም አብሮ ስለሚያገኝ፣ ከሴቲንግ ውስጥ «ፕራይመሪ ፓስወርድ» የሚለውን፣ ማለትም ሌሎቹን የይለፍ ቃሎች ሁሉ የሚቆልፈውን ዋና የይለፍ ቃል፣ ሳያበሩ አንድም የይለፍ ቃል አያስቀምጡ። በማያምኑት ኮምፒውተር ላይ ግን ይህም አይበቃም፤ የሚተይቡትን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ተጭኖበት ከሆነ ብራውዘሩ ከየትም ቢነሣ ለውጥ የለውም።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ብራውዘር የጎበኟቸውን ገጾች ታሪክና ኩኪን (ድረ ገጾች የሚያስቀምጡትን ትንንሽ መረጃ) በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ስለሚጽፍ ደካማ ፍላሽ መንቀርፈፉ አይቀርም። መስኮቱን ከዘጉ በኋላም መጻፉ ለጥቂት ጊዜ ሊቀጥል ስለሚችል፣ «ኢጀክት» ብለው ፈቃድ ሳያገኙ ፍላሹን አይንቀሉት፤ እንዲህ ያለው ችኮላ ፕሮፋይልዎን ሊያበላሸው ይችላል።