የአያትሽን ሲንጀር ቀለም አታስቀቢያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአያትሽ የእግር ሲንጀር የስፌት መኪና ሃያ ዓመት ዕቃ ቤት ተቀምጣ መዘውሯ አልዞርም ብሏል። ጠጋኙ ደግሞ «ቀለም ረጭቼ ሞተር ልግጠምላት» ብሎሻል። እኔን ከሰማሽኝ ሁለቱንም እምቢ በይው።

አባቴ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰርቪስ ቤቷን ወርክሾፕ አድርጌ አሮጌ የስፌት መኪና እፈታለሁ። እስካሁን አስራ አራት በእጄ አልፈዋል። ከነሱ የእውነት የተሰበሩት ሁለት ናቸው። ሌሎቹን ያቆማቸው የደረቀ ዘይት ነው። ዘይት ሲከርም ሙጫ ይሆናል። የምግብ ዘይት ከነካትማ አለቀላት፣ እንደ ቫርኒሽ ነው የሚይዘው።

መጀመሪያ መዘውሩን ከታች ከእግሩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አውጪና መዘውሩን በእጅ ሞክሪ። አሁን ከዞረ ችግሩ ከታች እግሩ ጋ ነው። ካልዞረ ቦቢኑ (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) የሚገባበትን ቦታ ክፈቺና በባትሪ እዪ። ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ የተጠመጠመ ክር ታገኛለሽ። ጨርቅ የሚስቡት ጥርሶች ሥር ደግሞ የክር ብናኝ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይገኛል። ከአንዷ ሥር ሦስት የመርፌ ስባሪ አውጥቻለሁ።

ከዚያ ላምባ። በየዘይት ቀዳዳውና ብረት ከብረት በሚፋተግበት ሁሉ ጠብ ጠብ አድርጊና አሳድሪው። እሳት አጠገብ እንዳይሆን። በማግስቱ መዘውሩን ወዲህ ወዲያ ወዝወዝ አድርጊው፣ በጉልበት ግን አታዙሪው። እምቢ ካለ ድገሚው።  አንዷ ዘጠኝ ቀን ፈጅታብኛለች። በአስረኛው ቀን ቡና እየጠጣሁ በአንድ ጣቴ ብነካት ዞረች። ላምባ ግን ያጥባል እንጂ አያለሰልስም። ስትላቀቅ ጠራርገሽ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ስጫት።

ስትፈቺ ካቻቢቴው የብሎኑን ቀዳዳ ልክ የሚሞላ ይሁን። የሲንጀር ብሎን ጥርሱ የራሱ ነው፣ ከሱቅ ብሎን ጋር አይገጥምም። አንዱ ከጠፋሽ ምናለሽ ተራ ሄደሽ የሞተች ሲንጀር ፈልጊ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት በስልክ ፎቶ አንሺ። ብሎኖቹን የእንቁላል ካርቶን ላይ በተራ ደርድሪ።

አንድ ቦታ ላይ ልብ በይ። መዘውሩ መሐል ያለውን ትልቅ ማጥበቂያ ስትፈቺ ከውስጥ ጆሮ ያላት ሮንዴላ ትወጣለች። እሷ ተገልብጣ ከገባች ማጥበቂያው በትክክል አይይዝም። መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው ቆሞ ያይሻል። በዚህች ሮንዴላ ሁለት ቀን ተቃጥያለሁ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ጥቁሩ ላይ ያለው ወርቃማ አበባ በስሱ የተለጠፈ ሥዕል ነው። ከላዩ ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ተቀብቷል። ሼላክን ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል። ይህን ያወቅሁት በአባቴ መኪና ነው። በኮሮና ጊዜ የተረፈ አልኮል ነበረኝ፣ «ጀርምም ቆሻሻም ያነሳል» ብዬ ጠረግኳት። አበባው ከጥጡ ጋር መጣ። ግማሽ አበባ ይዛ እስከ ዛሬ አለች፣ ባየኋት ቁጥር እናደዳለሁ። ስለዚህ አልኮል፣ በረኪና፣ ብርጭቆ ወረቀት አበባው ዘንድ አይድረስ። ላምባውም ቢሆን። ለስላሳ ጥጥ በስፌት መኪና ዘይት ነክረሽ ቀስ እያልሽ እሺው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። ቡናማው ጭጋግ ሲነሳ ወርቁ ከሥር ይወጣል። የተላጠ ቦታ ካለም ይቅር፣ ዕድሜዋ ነው።

እግሩ ቀላል ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሺ፣ መጋጠሚያዎቹን ዘይት ስጪ። ስትረግጪ ቋ ቋ ካለ ፔዳሉን ግራና ቀኝ የያዙትን ሾጣጣ ብሎኖች ትንሽ ጥበቂ። አጥብቀሽ ግን እንዳታንቂው። ቺንጋው አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ድቡልቡል ቆዳ ነው። በልኩ ቁረጪው፣ ጫፎቹን በወስፌ ብሺ፣ በሽቦ አያይዢና በፒንሳ ጨብጪው። ከጠበቀ እግር ይከብዳል፣ ከላላ ይንሸራተታል። አዲስ ቆዳ ስለሚለጠጥ ከወር በኋላ ታሳጥሪዋለሽ።

የጠረጴዛው ልባስ ከተነሳ ኮላ ቀብተሽ ወረቀት አንጥፊበትና ከላይ መጅ ጫኚበት። የእኔ ባለቤት መጇን ስትፈልግ ወርክሾፕ ነው የምትመጣው።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሰፋ ባለሙያ ይሁን። ላንቺ ግን መብራት ሲጠፋም የምትሠራ መኪና አለችሽ፣ ምን አስቸኮለሽ? ስትረግጪ መዘውሩ ወደ ራስሽ ይዙር። ወደ ኋላ ከዞረ ክር ይተበትባል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ክር ተለማመጂ። ከጨርቁ ሥር ክሩ ቀለበት ቀለበት ከሠራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን የምትጫነውን ትንሿን እግር አንስተሽ እንደገና ክሪያት።

መርፌ አትጨነቂ። ቦቢኗ ክብ ከሆነችና የክር ማጥበቂያው በግራ ፊቷ ላይ ካለ 15 የሚባለው ሞዴል ሳትሆን አትቀርም፣ ለእሷ ዛሬ ሱቅ ያለው ተራ የቤት መኪና መርፌ ይገባል። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ግራ፣ ክሩ ከቀኝ ወደ ግራ። ቦቢኗ ቀጭንና ረጅም፣ ማቀፊያዋም እንደ ጀልባ የሾጠጠ ከሆነ ሌላ ሞዴል ናት፣ ያኔ ጠይቂኝ።

በቀኝ በኩል መሠረቷ ላይ ቁጥር አለ። ከ1900 ወዲህ ሲንጀር ቁጥሩን በፊደል ያስጀምር ስለነበር በእሱ ዘመኗ ይታወቃል። ሞዴሏ 15ኬ ከሆነ የተሠራችው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ነው። ፋብሪካው በ1980 ቢዘጋም የባቡር ጣቢያው እስከ ዛሬ ሲንጀር ይባላል። ቁጥሩን በጥጥ ጠርገሽ ፎቶውን እዚህ ለጥፊው፣ ዓመቷን እናይልሻለን።