ልጅሽ «ሃቭ» የሚያበዛው በደች ስለሚያስብ ነው

ሰላም እህቴ። ሆላንድ ያደገው ልጅሽ እንግሊዝኛ ሲጽፍ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» እና «ዘ ማን ዊች» የሚለው ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ በደች (በሆላንድ ቋንቋ) እያሰበ ነው።

ደች ላይ «ኢክ ሄብ ሄም ኺስተረን ኽዚን» (ቃል በቃል «አይ ሃቭ ሂም የስተርዴይ ሲን») ምንም ስህተት የለውም፤ በንግግር እንደውም የተለመደው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ጊዜ ተለይቶ ከተጠራ (ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ በ2019) «ሃቭ»ን አይቀበልም። «አይ ሶ ሂም የስተርዴይ» ነው። የሚገርመው፣ «ሃቭ» በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ልጅሽ ይተወዋል፦ «አይ ሊቭ ሂር ኦልሬዲ ፋይቭ ይርስ»። ደች እስካሁን ለቀጠለ ነገር የአሁን ጊዜ ግስ ስለሚጠቀም ነው። ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ»። (እኛም «እዚህ ስኖር አምስት ዓመቴ ነው» ስለምንል ብዙ አንሳቅበት።)

«ዊች» ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ደች በ«ሁ» እና በ«ዊች» ቦታ «ዲ» ወይም «ዳት» የሚለው ሰውን ከዕቃ ለይቶ አይደለም፤ የሰዋስው ስሙ ከፊቱ «ዴ» ከወሰደ «ዲ»፣ በነጠላ «ሄት» ከወሰደ «ዳት» ይከተላል («ዴ» እና «ሄት» እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ናቸው)። ልጃገረድ እንኳ «ሄት ማይሽየ ዳት» ናት። ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ሰው ወይስ ዕቃ ብሎ ራሱን ይጠይቅ፦ ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች»። «ኤቭሪቲንግ ዋት» ካለሽም ከ«አለስ ቫት» ያመጣው ነው፤ «ኤቭሪቲንግ ዛት» በይው።

ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ የራሱን ድርሰት አውጡና ጊዜ የሚናገሩትን ቃላት በቀይ ያስምርባቸው።