ቀሚስ ከመምረጥሽ በፊት የነጥብ ወረቀቱን ጠይቂ

ውድ ልጆቼ፣

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ አገር አቀፍ የቁንጅና ውድድር ለመግባት የምታስቡ አላችሁ። መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ቁመት፣ ስለ ፀጉርና ስለ ቀሚስ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንድታውቁት የምፈልገው ዘውዱ በምን ስሌት እንደሚሰጥ ነው። ዳኛ ቁጭ ብሎ «ይቺ ቆንጆ ናት» አይልም፤ ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋል። አሸናፊዋን የሚለያት ቁጥሮቹ የሚደመሩበት ደንብ ነው፤ ደንቡን ሳታውቂ መዘጋጀት ደግሞ የትኛው ትምህርት ስንት ነጥብ እንዳለው ሳያውቁ ፈተና እንደመቀመጥ ነው።

በምሳሌ ላሳይሽ። አምስት ዳኞች አሉ እንበል። ቁጥር 7 ተወዳዳሪን አራቱ ዳኞች እያንዳንዳቸው 86 ሰጧት፤ አምስተኛው 60 ሰጣት። ቁጥር 12ን አራቱ 84፣ አምስተኛው 90 ሰጧት። ዝም ብሎ ሲደመር ቁጥር 7 404፣ ቁጥር 12 426 ያገኛሉ። ከአምስት ዳኞች አራቱ ቁጥር 7ን አስቀድመው ሳለ ዘውዱ ለቁጥር 12 ሆነ ማለት ነው። አሁን ደግሞ «ከፍተኛውና ዝቅተኛው ነጥብ ይጣላል» በሚል ደንብ እንቁጠረው። ከቁጥር 7 አንዱ 86 እና 60ው ወጥተው የቀሩት የሦስቱ አማካይ 86 ይሆናል። ከቁጥር 12 ደግሞ 90ውና አንዱ 84 ወጥተው 84 ይቀራል። ዳኞቹ እነዚያው ናቸው፣ ወረቀቱም ያው ነው፤ አሸናፊዋ ግን ተለወጠች።

አምስተኛው ዳኛ የግድ አድሏዊ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዳኛ ከ80 እስከ 88 ባለው መካከል ብቻ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ከ50 እስከ 100 ይዘረጋዋል። ሰፋ አድርጎ የሚጽፈው ሳያስበው የብዙ ዳኛ ያህል ጉልበት ያገኛል። ጥሩ አዘጋጅ ይህን ስለሚያውቅ ወይ ዳርና ዳሩን ይጥላል፣ ወይ ነጥቡን ትቶ ደረጃ ያስጽፋል። ደንቡ የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ አትፈሪ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ መልሱን የሚደብቅ አዘጋጅ ግን ያሳስባል።

አብረሽ የምትጠይቂያቸው ሌሎችም አሉ። አንደኛው የየዙሩ ድርሻ ነው። ቃለ መጠይቁ 40 በመቶ፣ የምሽት ልብሱ 15 በመቶ ከሆነ፣ በልብስ ከጓደኛሽ በ10 ነጥብ ብትበልጪ በድምሩ የሚተርፍሽ 1.5 ነው፤ በቃለ መጠይቅ በ10 ብትበልጪ 4 ነው። ገንዘብሽንና ጊዜሽን እንዲህ እያሰላሽ አከፋፍዪ። ቤተሰብ ተበድሮ ውድ ቀሚስ ከመግዛት (ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው) ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ንግግር መለማመድ ብዙ ጊዜ የተሻለ ትርፍ አለው።

ሁለተኛው ነጥቡ ከዙር ወደ ዙር ይተላለፋል ወይስ ከዜሮ ይጀመራል የሚለው ነው። የሚተላለፍ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ማጣሪያ እስከ መጨረሻ ይከተልሻል። ከዜሮ የሚጀመር ከሆነ የመጨረሻዋ የሠላሳ ሰከንድ መልስ የሳምንቱን ልፋት ልትገለብጠው ትችላለች። ተመልካች በስልክ መልእክት የሚሰጠው ድምፅ ካለ ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ነጥብ እኩል ሲሆን በምን እንደሚለይ፣ ወረቀቱን የሚደምረውም ማን እንደሆነ ጠይቂ። ደማሪው ከአዘጋጁ ውጭ የሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ደንብ መንገድሽን እንዴት እንደሚወስን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2025 በህንድ ሃይደራባድ የተካሄደውን ሚስ ወርልድ ተመልከቱ። 108 ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ምርጫው የተካሄደው በአህጉር ነው፦ መጀመሪያ ከአራቱ የአህጉር ምድቦች ከእያንዳንዱ አሥር፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻ አንድ። የኢትዮጵያዋ ሀሴት ደረጀ አፍሪካን ወክላ ከአራቱ መካከል ገባች፣ ከታይላንዷ ኦፓል ሱቻታ ቀጥሎም ሁለተኛ ሆነች። በዚህ ደንብ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ድረስ የሀሴት ተፎካካሪዎች አፍሪካውያኑ ነበሩ፤ ከታይላንዷ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙት ከዚያ ወዲህ ነው። በስፖርት፣ በተሰጥኦ ወይም በበጎ አድራጎት ፕሮጀክት ዙር ያሸነፈች ደግሞ በቀጥታ ወደ አርባዎቹ ትገባ ነበር። እንዲህ ያለ በር በአገር ውስጥ ውድድር ላይም ካለ፣ በዋናው ዙር እርግጠኛ ላልሆነች ልጅ ትልቅ ዕድል ነው።

ምዝገባ ላይ ብዙ ልጅ የሚጥለው ዕድሜ ነው፤ ምክንያቱም የዘመን አቆጣጠር። በእኛ ታኅሣሥ 15 ቀን 1996 የተወለደች በፈረንጅ ዲሴምበር 25 ቀን 2003 ነው፤ ጥር 15 ቀን 1996 የተወለደች ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2004። አንዷ ላይ 7፣ አንዷ ላይ 8 ዓመት ይደመራል። ፎርም የሚሞላው ሰው ለሁሉም 7 ከደመረ የልደት ካርድሽና ፓስፖርትሽ አይገጥሙም፣ ውጭ አገር ስትሄጂም ጉዳዩ ይነሳል። ሚስ ዩኒቨርስ ከ2023 ውድድር ጀምሮ ያገቡና የወለዱ ሴቶችን መቀበል ጀምሯል፣ ከ2024 ጀምሮም የዕድሜ ጣሪያውን አንስቷል፤ ሌሎች ውድድሮች ግን የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ዕድሜ ቀንሶ መግባት የተገኘ ዘውድ ያስነጥቃል።

ወደ አካሄድ ልምጣ። ታኮ ጫማ በኮብልስቶን ላይ አትለማመዱ። ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚያ ነው፤ የዞረ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ሳምንታት ያስቀምጣል። የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ልስን ሲሚንቶ ወለል ፈልጉ። በ5 ሴንቲ ሜትር ታኮ ጀምራችሁ በየሁለት ሳምንቱ ከፍ አድርጉ፤ በመድረክ የሚለበሰው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ስልክሽን በደረትሽ ቁመት ልክ አሥር ሜትር ያህል ርቀት ላይ አስደግፊና ቅረጪ። ቪዲዮውን ስታዪ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ አገጭሽ ወርዷል ወይ፣ ስትዞሪ ዓይንሽ ወለሉን ያያል ወይ፣ ታኮው ሲያርፍ ጉልበትሽ ታጥፎ ይቀራል ወይ። ሦስተኛው ካለ ጫማው ረዝሞብሻል፤ ዝቅ አድርጊው። ዳኛ የሚያየው እርጋታሽን እንጂ የታኮውን ሴንቲ ሜትር አይደለም።

የቀሚሱን ልክ ጫማውን አድርጋችሁ አስለኩ። በባዶ እግር የተለካ ቀሚስ ታኮ ሲጨመርበት ያጥራል፤ ይህን ፈርቶ አርዝሞ ያሰፋ ደግሞ ጫፉን ይረግጣል። ከፊት በኩል ጫፉ ከወለሉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ልብሱ ከዋዜማው ቀድሞ ያልቅ፣ ለብሳችሁት ደረጃ ውጡበት፣ ተቀመጡበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዚፕ የሚበጠሰው ሁልጊዜ በመጨረሻ ሰዓት የተሰፋ ልብስ ላይ ነው። ቦርሳችሁ ውስጥ መርፌ፣ ክርና ስድስት መርፌ ቁልፍ አይጥፋ።

በባህል ልብስ ዙር የእኛ አካባቢ ልጆች የያዛችሁትን ሀብት ሳታዩት ታልፋላችሁ። ነጭ ጥበብ ያምራል፤ ግን ከሃያ ተወዳዳሪ አሥራ አምስቷ ነጭ ጥበብ ለብሳ ነው የምትመጣው። የመንዝ በግ ፀጉር ሴቶች ፈትለውት፣ ወንዶች ሸምነውት የሚሆነው በርኖስና ዝተት የት አለ? በርኖስ የወንድ ልብስ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን በትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ወጥቶ፣ መድረኩ መሐል ላይ ማውረድና ከሥር ያለውን ቀሚስ ማሳየት ይቻላል። ከባድ መሆኑን እወቁ፤ ትከሻን ወደ ፊት ስለሚጎትት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብሳችሁት ተራመዱ። ዳኛ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው፣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ መመለስ መቻል አለባችሁ። ለዚህ ሸማኔውን ሄዳችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ «የአባቶቻችን ልብስ ነው» ማለት ነጥብ አያስገኝም።

ስለ መልስ አሰጣጥ ደግሞ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ዘውድ የሚጠፋው እዚህ ነውና። ሠላሳ ሰከንድ በአማርኛ ከሃምሳ እስከ ስድሳ ቃል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። «ለቀረበልኝ ጥያቄ አመሰግናለሁ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ለዚህ ላበቃኝ» እያልሽ አሥር ሰከንድ ከበላሽ፣ ሐሳብሽ ሳያልቅ ደወሉ ይደወላል። መልሱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስጪ፣ ምክንያቱን ጨምሪ፣ ከምታውቂው ቦታ አንድ ማስረጃ አምጪ፣ አቁሚ።

«ወጣቶች ለተፈጥሮ ጥበቃ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?» ተባልሽ እንበል። የተለመደው መልስ «ተፈጥሮ በጣም አስፈላጊ ነው፣ ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ችግኝ መትከል አለብን» ነው። ዳኛው በዚያ ምሽት ይህንን ስድስት ጊዜ ሰምቶታል። የመንዝ ልጅ ግን እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «ከአባቶቻችን ደንብ መጀመር ይችላሉ። በመንዝ የጓሳ ሣር እንደልብ አይታጨድም፤ ኅብረተሰቡ ለዓመታት ዘግቶት ቆይቶ በተስማማበት ጊዜ ብቻ ይከፍተዋል። ለዚህ ነው ዛሬም ለቤት ክዳን ሣር፣ ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ መኖሪያ የተረፈው። ይህን ደንብ በየትምህርት ቤቱ ክበብ ማስተማር እንችላለን።» አርባ ቃል አይሞላም፤ ሌላ ሰው ሊለው የማይችለው ግን ነው።

የሸመደድሽውን መልስ ላልተጠየቅሽው ጥያቄ አታምጪ፤ ዳኛ ወዲያው ይለየዋል። ያልገባሽ ጥያቄ ከሆነ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት አያስቀንስም። ውጭ አገር ከደረስሽም በአስተርጓሚ መመለስ ይቻላል። በሚንተባተብ እንግሊዝኛ ከመታገል በአማርኛ አጥርቶ ተናግሮ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ቆም ብሎ አስተርጓሚውን መጠበቅ ይሻላል።

የበጎ አድራጎት ፕሮጀክት የሚጠይቅ ውድድር ከሆነ ትንሽና የሚቆጠር ነገር ያዙ። «የሴቶችን ችግር መፍታት» ፕሮጀክት አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት ታጥቦ የሚደገም የንጽሕና መጠበቂያ ሰፍቶ ማደል፣ ከዚያ በፊትና በኋላ በወር ስንት ቀን ልጆቹ እንደሚቀሩ መመዝገብ፣ የጨርቁን ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ ይሄ ፕሮጀክት ነው። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሱ።

ስለ ገላችሁ አጭር ነገር። የሚያነጣ ቅባት አትንኩ። ሜርኩሪ ወይም ሃይድሮኪኖን ያለበት ቆዳን ይጎዳል፣ የሜርኩሪው ጉዳት እስከ ኩላሊት ይደርሳል፤ በመድረክ መብራት ላይም ፊትና አንገት በሁለት ቀለም ይታያሉ። የደብረ ብርሃን ብርድና ንፋስ ለሚያደርቀው ቆዳ ቫዝሊንና ውኃ ይበቃል። ለመክሳት ብላችሁ አትራቡ፤ መድረክ ላይ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁት ብዙዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሱ ናቸው። ከመውጣታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል በፊት በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ሆድ አይነፋም፣ ጾምም ቢሆን ይሆናል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን የ130 ኪሎ ሜትር መንገድ በውድድሩ ጠዋት አትጓዙት፤ ዋዜማውን አዲስ አበባ እደሩ። ከመሐል ሜዳ የምትመጡ ደግሞ አንድ ቀን ጨምሩ።

አሁን ወላጆችም አብራችሁ አንብቡ። «የገላ ምርመራ ነው» ብሎ በር ዘግቶ ልብስ አውልቂ የሚል አዘጋጅ ካለ፣ ልጅቱ ወዲያው ትውጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢንዶኔዥያ ተወዳዳሪዎች እንዲህ ተደርገናል ብለው ለፖሊስ አመልክተው፣ ሚስ ዩኒቨርስ ከአገሪቱ ወኪሉ ጋር የነበረውን ውል አቋርጧል። ማታ በሆቴል ክፍል የሚደረግ «ቃለ መጠይቅ» የለም። ነጥብ የሚያስጨምር ክፍያም የለም። ዋናውን የልደት ካርድና ፓስፖርት አታስረክቡ፣ ቅጂ ስጡ። «ወደ ዓለም ውድድር እንልካለን» የሚል ድርጅት፣ በእርግጥ የመላክ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከዓለም አቀፉ ውድድር ዘንድ አረጋግጡ፤ ስሙን የሚያውለበልብ ሁሉ ፈቃድ የለውም።

ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ዘውዱ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ከማስታወቂያ ገቢ አዘጋጁ ስንት በመቶ እንደሚወስድ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛና ልብስ በማን ወጪ እንደሆነ ይጻፍ። ሽልማቱ መኪና ከሆነ በስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ቁልፍ ይዞ ፎቶ መነሳት መኪና መረከብ አይደለም። ሁለተኛ የወጣችም ውሏን ታንብብ፤ አሸናፊዋ ዘውዱን ካጣች ብዙ ጊዜ ተተኪዋ እሷ ናት።

በመጨረሻው ሰዓት ሁለታችሁ ብቻ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ስትቆሙ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው የሁለተኛዋ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚስ ዩኒቨርስ ላይ የመድረክ መሪው ካርዱን በትክክል ሳያነብ የኮሎምቢያዋን አሸናፊ ብሎ ዘውድ ካስደፋ በኋላ፣ አሸናፊዋ የፊሊፒንሷ ፒያ ዉርትዝባክ ናት ብሎ አርሟል። ስለዚህ ስምሽ ሲጠራ ደረጃው አብሮ መጠራቱን አዳምጪ፣ ጓደኛሽን እቀፊ፣ ከቦታሽ አትንቀሳቀሺ።

ካላለፍሽ ደግሞ ሳምንት ሳያልፍ፣ ወረቀቱ ሳይጣል፣ የየዙሩን ነጥብሽን በጽሑፍ ጠይቂ። የሌሎቹን ሊከለክሉሽ ይችላሉ፤ የራስሽን ግን አጥብቀሽ ጠይቂ። በልብስ 88፣ በቃለ መጠይቅ 61 አግኝተሽ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቀሚስ አትቀይሪ።