የዝናብ ጃኬት፦ ለጉና ሌላ፣ ለጣና ዳር ሌላ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዝናብ ልብስ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በመስከረም መጀመሪያ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጉና ተራራ ልንወጣ ተነጋግረናል። ጃኬት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ሁሉም «ዋተርፕሩፍ ነው» ይላል። አንዱ መለያ ላይ 5,000፣ ሌላው ላይ 10,000/10,000፣ ሌላው ላይ 20,000 ተጽፏል። ዋጋቸውም በጣም ይራራቃል። ቁጥሩ ምን ማለት ነው? የትኛውስ ይበቃኛል? (ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)

መልስ፦ የመጀመሪያው ቁጥር ጨርቁ የሚችለው የውሃ ግፊት ነው፤ በሚሊ ሜትር ይለካል። ጨርቁ ተወጥሮ ይታሰርና በአንድ ወገኑ የውሃው ግፊት ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። በሌላው ወገን ሦስት ቦታ ላይ ጠብታ ብቅ ሲል ልኬቱ ይመዘገባል። 10,000 የተባለው ጨርቅ 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ የሚያሳድረውን ግፊት ችሏል ማለት ነው። ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል አይገፋም። ጨርቁ የሚፈተነው የቦርሳው ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲጫነው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡበትና ነፋስ ዝናቡን ይዞ ሲመታው ነው። 5,000 ለከተማ ካፊያ ይሆናል፤ ቦርሳ አዝሎ ለሚወጣ ሰው ግን አንመክረውም። ለአንድ ቀን የጉና ጉዞ 10,000 ይበቃል። 20,000 የሚያስፈልገው ከባድ ጓዝ ተሸክመው ቀናት ለሚጓዙ፣ ለምሳሌ በክረምት ስሜን ተራሮች ለሚገቡ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የላብ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚያልፍ ይናገራል። ገዢዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ተራራ ላይ ሰውን የሚያበሰብሰው ግን ብዙ ጊዜ የገዛ ላቡ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ ጃኬት ጨርቅ አንድ ተኩል ካሬ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ 10,000 የተጻፈበት በቀን 15,000 ግራም፣ በሰዓት 625 ግራም እንፋሎት ያወጣል። አቀበት የሚወጣ ሰው ደግሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያልበዋል። በመለያው ላይ ያለው ቁጥር እንኳ ከላቡ ጋር እኩል ለእኩል ቢሆን ነው። እውነተኛው ሁኔታ ከዚህ ይከፋል፦ ጀርባው በቦርሳ ተሸፍኗል፣ ውጭ ያለው አየርም በጉም የጠገበ ስለሆነ እንፋሎቱን ለመቀበል ቦታ የለውም። በዚያ ላይ አምራቾች የሚለኩበት ዘዴ ስለሚለያይ የአንዱ 10,000 ከሌላው 10,000 ጋር አይተካከልም።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ብብቱን ይዩ። በብብት በኩል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚከፈት ዚፕ ያለው ባለ 10,000 ጃኬት፣ ይህ ከሌለው ባለ 20,000 ይሻላል ብለን እናምናለን። አቀበቱ ላይ ይከፍቱታል፣ ጫፍ ላይ ነፋስ ሲገጥምዎ ይዘጉታል።

ሱቅ ውስጥ እያሉ ጃኬቱን ይገልብጡት። መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ ስፌቱ በሙሉ ከውስጥ በቴፕ መሸፈን አለበት። ትከሻው ላይ ብቻ ቴፕ አድርገው ጎኑንና እጅጌውን የሚተዉ አሉ፤ መልሱላቸው። ቀጥሎ ከታች ሊለብሱት ያሰቡትን ሹራብ ደርበው ጃኬቱን ይልበሱና ሁለቱን እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ። እጅጌው ወደ ክንድዎ መሐል ከሸሸ ወይም ወገቡ እምብርት ድረስ ከወጣ አንድ ቁጥር ይጨምሩ። ኮፍያውን አጥልቀው፣ ላስቲኩን ሰብስበው ፊትዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ። ኮፍያው አብሮ ካልዞረ የሚያዩት የኮፍያውን ውስጥ ብቻ ነው፤ በጉም ውስጥ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ አደገኛ ነው። ግንባሩ ላይ ጠንከር ያለ ከንፈር ያለው ኮፍያ ዝናቡንም በረዶውንም ከዓይን ያርቃል። ኪሶቹ ከቦርሳው የወገብ ቀበቶ በላይ ይሁኑ፤ አለዚያ እዚያው ታፍነው ይቀራሉ።

ቅዝቃዜውንም ያስቡበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከተማው 25 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ጫፉ ላይ 12 ገደማ ይጠብቅዎታል፤ ነፋሱና እርጥበቱ ሳይቆጠር። ጃኬቱ ራሱ አያሞቅም። ሥራው ውሃና ነፋስ መከልከል ነው፤ ሙቀቱን የሚሰጠው ከታች የሚደረበው ሹራብ ወይም ፍሊስ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ጃኬት ለብሼ ዘጌ ጫካ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተጓዝኩ። ካፊያ ነበር። ስመለስ ሸሚዜ ጀርባው ርሷል። ተታልዬ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የረጠበበት ቦታ ይነግርዎታል። ጀርባው፣ ደረቱና ክንዱ በእኩል ከረጠበ ላብ ነው። የትከሻ ስፌት፣ የዚፑ መስመር፣ ኪሱ ወይም አንገቱ ላይ ለብቻው ከረጠበ ጃኬቱ ያስገባል። ለማረጋገጥ ጃኬቱን ወንበር ላይ ዘርግተው ከሥር ደረቅ ሶፍት ያንጥፉ፤ በጆግ ውሃ ትከሻው ላይ ያፍስሱና 10 ደቂቃ ያህል በመዳፍዎ ተጭነው ይቆዩ። ሶፍቱ እንደ ደረቀ ከቆየ ጨርቁ ደህና ነው።

እንፋሎት ከሞቀና ከረጠበ ወገን ወደ ቀዘቀዘና ወደ ደረቀ ወገን ይሄዳል። ጉና ላይ ውጭው ቀዝቃዛ ስለሆነ ጃኬቱ የተወሰነ ይሠራል። በሐምሌ ጣና ዳር ግን ውጭው ሞቃትም እርጥብም ነው፤ እንፋሎቱ መሄጃ የለውም። ለዘጌ፣ ለቤዛዊት፣ ለጢስ ዓባይ መንገድ ከነቦርሳዎ የሚሸፍን ሰፊ ፖንቾ ወይም ደህና ጃንጥላ ከውድ ጃኬት ይሻላል፤ አየር ከሥር ይገባል። ጃንጥላው ግን መብረቅ ባለበት ገላጣ ኮረብታ ላይ አይዘርጋ። ፖንቾውም ነፋሻ ተራራ ላይ እየተነሣ ዓይን ስለሚሸፍን ለጉና አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከሰልባጅ ጎርቴክስ የተጻፈበት ጃኬት በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው? (ከጎንደር)

መልስ፦ በደህና ይዞታ ካለ ይግዙ። ጎርቴክስ ለብዙ ዓመታት የተሠራው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት ዘዴ በተለጠጠ ቴፍሎን ነው፤ ቀዳዳዎቹ እንፋሎት ያሳልፋሉ፣ የውሃ ጠብታ አያሳልፉም። ይህ ስስ ሽፋን ረጅም ዕድሜ አለው። ርካሾቹ ጃኬቶች የሚቀቡት ፖሊዩረቴን ግን እርጥበትና ሙቀት በቆየ ቁጥር ይፈርሳል፤ ታጥፎ ቦንዳ ውስጥ የከረመ ደግሞ ይብስበታል።

ይገልብጡና ውስጡን በአውራ ጣትዎ ጠንከር አድርገው ይሹት። ነጭ ቅርፊት ከረገፈ፣ ከተጣበቀብዎ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለው ሽፋኑ አልቋል፤ አይጠገንም፣ በነጻም አይውሰዱት። ቴፑ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከተላቀቀ በስፌት ማጣበቂያ ይስተካከላል፤ በየቦታው ከተነሣ ይተዉት። ገበር ያለው ጃኬት ሽፋኑ ከገበሩ ሥር ስለሚደበቅ፣ በኪሱ ወይም በወገቡ በኩል ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ባለ ሦስት ድርቡ፣ ማለት ውስጡ ስስ ሹራብ መሰል ጨርቅ የተለጠፈበት፣ ከሁሉም ይበረታል፤ እኛም ሰልባጅ ውስጥ የምንፈልገው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ጃኬቴ መጀመሪያ ውሃ ያንከባልል ነበር። አሁን ውጩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብደኛል። ጊዜው አልፎበታል? (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ አላለፈበት ይሆናል። ውሃውን የሚያንከባልለው የውጩ ጨርቅ የተነከረበት መድኃኒት ነው፤ የሚከለክለው ግን የውስጡ ሽፋን ነው። ውጩ ሲርስ ሽፋኑ ባያስገባም እንፋሎት መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ ያስገባ ይመስላል። መድኃኒቱን የሚያዳክሙት ቆሻሻ፣ የማገዶ ጭስ፣ የሰውነት ቅባትና በኦሞ ማጠብ ናቸው። የኦሞ ትራፊ ጨርቁ ውስጥ ቀርቶ ውሃ ይስባል።

ዚፖቹን ሁሉ ዘግተው፣ ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ በጥቂት ፈሳሽ የጃኬት ማጠቢያ፣ እሱ ከሌለ በትንሽ ተራ ሳሙና ይጠቡት። በረኪናና ማለስለሻ አይንኩት። አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት፤ አይጭመቁት፣ ጥላ ላይ ይስቀሉት። ሲደርቅ መለያው ካውያ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርገውበት በዝቅተኛ ሙቀት ያለ እንፋሎት ይተኩሱት። ሙቀቱ የተኛውን መድኃኒት መልሶ ያነሣዋል። ጥቂት ውሃ ሲረጩበት አሁንም ከጠጣ መድኃኒቱ አልቋል፤ የሚረጨውን ገዝተው እርጥብ እያለ ይርጩበት።

ጥያቄ፦ ከጃኬቱ ሥር የጥጥ ሸሚዝ ይሻላል ወይስ ሌላ? ጋቢስ ልያዝ? (ከወረታ)

መልስ፦ ጥጥ ላብ ይዞ ይቆያል፣ ሲቆሙ ያበርዳል፤ ሥጋ ላይ የሚያርፈው ፖሊስተር ወይም ሱፍ ይሁን። ጋቢም ጥጥ ስለሆነ መንገድ ላይ አይልበሱት፤ ከረጠበ በማግስቱም አይደርቅም። ለማደሪያ ከፈለጉት ግን ይያዙት፦ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አስገብተው፣ አፉን ጠምዝዘው አስረው፣ ቦርሳው መሐል ይክተቱት። የቦርሳው ታች ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ነው።