ባለክንፉ ዘር ከመጀመሪያው ደረጃ ይብረር ወይ?

ወንድሜ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የምናብ ገጸ ባህሪ ይዞ ለሚጫወትበት የሚና ጨዋታ «የፈጠርኩት ባለክንፍ ዘር (የገጸ ባህሪ ዝርያ) ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ቢበር ጨዋታውን ያበላሻል ወይ?» ብለሃል። መብረሩ ብቻውን አያበላሽም። የሚያበላሸው ያለ ምንም ዋጋ ሲሆን ነው።

እስቲ አስበው። ቀስት የያዘ ተጫዋች 60 ጫማ ከፍ ብሎ ይተኩሳል። መሬት ላይ ያለው ተኩላ ምን ያድርግ? አንጋጦ ከማየት በቀር ምንም! ገደሉና ግንቡም ለሚበረው ተጫዋች ቀልድ ናቸው፤ ጓደኞቹ ግን ገመድ ሲፈልጉ ይውላሉ።

በሚና ጨዋታው በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም አራኮክራ የሚባለው የወፍ ዘር በ2015 ሲወጣ በአንድ ተራ 50 ጫማ ይበር ነበር። በ2022 ወደ 30 ወረደ። መካከለኛ ወይም ከባድ ጥሩር ከለበሰም አይበርም።

አንተም አስከፍለው። መጀመሪያ ላይ ከከፍታ ተንሳፍፎ መውረድ ብቻ ይቻል፣ አምስተኛ ደረጃ ላይ ይብረር። ወይም ተራው ሲያልቅ መሬት ካልነካ ይውደቅ። እኔ ይሄኛው ይመቸኛል፤ ተጫዋቹ ሁሌ የት እንደሚያርፍ ያሰላል።

ዘሩ ለገጸ ባህሪው ችሎታዎች የሚሰጠው የቁጥር ጭማሪ ላይ ብዙ አትድከም። ይልቅ በጠባብ ዋሻ ውስጥ ክንፉን የት ያደርገዋል? ዝናብ ሲያበሰብሰውስ? ይህን ከወሰንክ በኋላ አንድ ውጊያ ሜዳ ላይ፣ አንድ ደግሞ ዋሻ ውስጥ አጫውተህ እየው።